ማንን እንደላከ

ቄስ ያረጋል በመተማ ቆላ፣ ኮኪት አጠገብ ባለችው የሣር ክዳን ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ወንጌሉን በግእዝ ካነበበ በኋላ በአማርኛ መፍታት የጀመረው ገና ጣሊያን ሳይገባ ነው። ሕዝቡ እርሻ ፍለጋ ከደጋ የወረደ ነው። «የማይሰማውን ቃል አሜን እያለ እስከ መቼ ይቁም?» ይል ነበር ያረጋል። ሲፈታም ሰዉ በሚያውቀው ነው፤ ዮርዳኖስን እንኳ በጓንግ ወንዝ እየመሰለ ያስረዳ ነበር። መምህሩ መሪጌታ ደምለው ይህን ነገር አልወደዱለትም።

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. ታኅሣሥ ሲያልቅ የጣሊያን ጦር «ሽፍታ አሳድራችኋል» ብሎ ከጓንግ ማዶ ያለውን መንደር አቃጠለው፤ ከነሕፃናቱ። ጭሱ ሦስት ቀን ዋለ። ጥር ሦስት ደግሞ ሄሮድስ ያስፈጃቸው ሕፃናት የሚታሰቡበት ቀን ነው።

በዋዜማው ያረጋል ፍቺውን ለመሪጌታ አሰማቸው። «ሄሮድስ አስካሪዎቹን ልኮ ሕፃናቱን አስፈጀ።» አስካሪ ሰዉ የጣሊያንን ጥቁር ወታደር የሚጠራበት ስም ነው።

«አስካሪ? አረቄ የላከ አስመሰልከው እኮ!»

«ሰዉ ሁለቱንም ቀምሷቸዋል፣ የኔታ።»

መሪጌታ አልሳቁም። «መጽሐፉ ‹ልኮ አስገደለ› ይላል እንጂ ማንን እንደላከ አይናገርም። እግዚአብሔር ዝም ያለበትን አንተ ትሞላለህ? ይች ቃል ትበላሃለች።»

በማግስቱ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ከበሩ ሥር ቆሞ ነበር። ያረጋል ወንጌሉን ሲፈታ አይቶታል። ቃሏ ምላሱ ላይ ጥቂት ቆማ ወጣች። ከሴቶቹ በኩል አንዲት እናት ጮኸች፤ ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ እሪ አለ። መፍታት በር መክፈት ነው፤ የተከፈተ በር ግን ገቢውን አይመርጥም።

ከቅዳሴ በኋላ አስተርጓሚው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባ፣ እኔም ክርስቲያን ነኝ። ‹አስካሪ› የምትለዋ ከመጽሐፉ ናት ይበሉኝ፤ ለጣሊያኑ ሹም እንደዚያው ልንገረው። መጽሐፍ አይታሰርም። የእርስዎ ከሆነች ግን…» ዛፉ ሥር የቆሙትን ሁለት ባለጠመንጃዎች በዓይኑ አሳየው።

ያረጋል ወንጌሉን እንደታቀፈ ነበር። አንዲት «አዎ» ታድነዋለች። ያቺ «አዎ» ግን ወንጌሉ ላይ ትጻፋለች።

«የኔ ናት» አለ። «መጽሐፉ የለበትም።»

ወንጌሉን ከጎኑ ለቆሙት መሪጌታ አቀብሎ ሄደ። በመተማ መንገድ ሲወስዱት ያየ አለ፤ ሲመለስ ያየ የለም።

በዓመቱ ጥር ሦስት፣ ዕድሜ ልካቸውን ከግእዝ ያልወጡት መሪጌታ ደምለው ፍቺውን ሊያሰሙ ራሳቸው ወጡ።

«ሄሮድስም» አሉ በአማርኛ፣ «ልኮ አስገደለ።» ቀና አሉ። አስተርጓሚው ዛሬም ከበሩ ሥር ነው። «ማንን እንደላከ መጽሐፉ አይናገርም።»

ሕዝቡ ወደ በሩ ዞረ።