መጀመሪያ ለእሷ

ከተራራው ወደ ጎባ ስወርድ የኬላ ጠባቂዎች በቅሎዬን አስቆሙና ቦርሳዬን ወሰዱ። ጤና ረዳት ነበርኩ። አዮዲን የገባበት ጨው ያኔ ደጋው ላይ አልደረሰም፤ ስለዚህ ቤት ለቤት እየዞርኩ እንቅርት የወጣባቸውን ሴቶች አንገት እዳስስ፣ የአዮዲን ዘይት ያለበትን እንክብል አስውጣቸው ነበር። ጠባቂዎቹ ግን የሽፍታ መልእክተኛ አደረጉኝ።

ሮቤ ወስደው ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። የገብስ ብናኝ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ሲሚንቶው አጥንት ድረስ ይበርዳል። ከእስረኞቹ መሃል አንዲት ወጣት ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። ከላይ ከደጋው ናት፤ ባሏ ሸፍቷል ተብሎ ነው የያዟት። ሻሿ ሲንሸራተት እንቅርቷን አየሁት። ሆዷም ገና ብቅ ማለቱ ነው።

«ልጅ አለሽ፣ አዳዳ?» አለችኝ። በኦሮምኛ አክስቴ ማለቷ ነው።

«አንዲት አለችኝ። ጎባ እናቴ ዘንድ ናት።»

«ታወራለች?»

«አፏ መች ያርፍና!»

«ምን ትላለች?»

ዶሮዎቹን እንዴት እንደምትቆጣ፣ ጫማዬን አጥልቃ «ሥራ ሄጃለሁ» እንደምትል ነገርኳት። እሷ ግን አልጠገበችም፤ በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ «ዛሬስ እዚህ ብትሆን ምን ትል ነበር?» ትለኛለች።

ምክንያቱን የነገረችኝ ቆይታ ነው። የመጀመሪያ ልጇ አይሰማም፣ አይናገርም፤ ደጃፍ ካስቀመጡት እዚያው ይውላል።

«አንድ ቀን እማዬ ይለኝ ይሆን እያልኩ አፉን አፉን ሳይ እኖራለሁ» አለች። «ሰው እርግማን ነው ይለኛል።»

«እርግማን አይደለም። እሱን ስታረግዢ ሰውነትሽ ውስጥ አዮዲን ጎድሎ ነው።»

እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። «ይሄኛውስ?»

እንክብሉ ያለው ቦርሳዬ ውስጥ፣ ቦርሳዬም ያለው የእስር ቤቱ ኃላፊ ቢሮ ነው።

አንድ ጠዋት ኃላፊው አስጠራኝ። ቦርሳዬ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል።

«ባለቤቴ አንገቷ እያበጠ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄ ነገር እውነት ይረዳል?»

«ያበጠውን ወዲያው አያጠፋውም፤ እንዳይብስ ግን ይረዳል።»

«እንግዲያው ስጪኝ።»

«እሰጥዎታለሁ። መጀመሪያ ግን እኛ ክፍል ላለችው ነፍሰ ጡር ይሰጣት።»

«እስረኛ ሆነሽ ታዢኛለሽ?»

«ማዘዜ አይደለም። የሚወለደው ልጅ ጊዜ የለውም፤ እሷ ትቀድማለች።»

ቦርሳዬን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ከዚያ ጠባቂውን ጠርቶ አስመጣት። «ከአንቺ ቀጥሎ ለባለቤቴ ነው፤ እሷም አንገቷ አብጧል» ብሎ ከራሱ ጆግ ውሃ ቀድቶ ብርጭቆውን በእጇ ሰጣት። «ቢስሚላህ» ብላ የሰጠኋትን እንክብል ዋጠች።

«ለትልቁ ልጄስ አንድ አትሰጪኝም?» አለችኝ።

«እሱን አይመልሰውም፣ እህቴ።»

ሻሿን አስተካከለች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ኃላፊው አዞረች።

«ባለቤትዎንም አላህ ያሽርልዎ» አለችው።

ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ብዙም ሳይቆይ ወደ ጊኒር ወሰዷት። እኔ ስፈታ መንደሯ ድረስ ወጣሁ። ቤቶቹ ፈርሰው ሰዉ በመንደር ምሥረታ ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል፤ እረኞች ቤቷ ነበር ያሉኝ ቦታ ላይ ገብስ በቅሎበታል። ትልቁ ልጇ የት እንደደረሰ የሚያውቅ አላገኘሁም።

አሁን አርጅቻለሁ። ሮቤ ውስጥ የትም ሱቅ አዮዲን ያለው ጨው ይሸጣል፤ ልብ የሚለው ሰው የለም። ጊኒርም ሩቅ አይደለም። ስንት ጊዜ ልሄድ ተነስቼ መናኸሪያው በር ላይ ተመልሻለሁ። ባገኛት ስለ እስሩ አንድም ነገር አላነሳባትም። የምጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ በሆድሽ የነበረው፣ ከኋላው ሲጠሩት ዞር ይላል?