የመቃብር ዝርዝር የያዘው ፍሎፒ

ጎሮ ባለው የጽሕፈትና የኮምፒውተር ጥገና ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ እትዬ ፀዳለ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጡኝ። «አሮጌ ፍሎፒ ዲስክ ስትከት ኮምፒውተሩ ፎርማት ላድርገው ይልሃል። እሺ ካልከው ሁሉም ጠፋ። ያኔ ሐሳብህ ስክሪኑ ላይ ይሁን፤ ግጥም እያሰብህ እንዳትጫነው።»

እውነትም አዲስ ላፕቶፕ ያላወቀውን ዲስክ ሁሉ መደምሰስ ይቀናዋል። ይህን ጠባይ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነባር ቤትና ማሳ በሚጠርገው ግሬደርም ላይ አይቼዋለሁ።

ኦቦ ዱጋሳ የመጡት በሁለተኛው ዓመቴ ነው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበትን መሬት ያርሱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን አሮጌ መቃብሮችን ሊያነሣ ነው። ቦታውን ለይቶ ያላሳየ ቤተሰብ የዘመዱ አፅም ከሌሎች ጋር በአንድ ጉድጓድ ይገባል። የአባታቸው መቃብር ምልክቱ ከጠፋ ቆይቷል። የመቃብሮቹን የወረቀት መዝገብ ምስጥ በልቶት ዝርዝሩ የቀረው በአንድ ፍሎፒ ብቻ ነው፤ እሱንም የደብሩ ጸሐፊ እንደ ታቦት አክብሮ ይዞ አብሯቸው መጣ።

በዩኤስቢ የሚሰካው ማንበቢያ ዲስኩን አላወቀውም። ጠረጴዛ ሥር የተጣለውን አሮጌ ዴስክቶፕ አስነሣሁ። እሱ አወቀው። ፋይሉን ሳልከፍት መጀመሪያ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ አወጣሁ። ቅጂውን በላፕቶፑ ስከፍተው ፊደሉ ሁሉ ምልክትና ነጠብጣብ ሆነ። የዚያን ዘመን የአማርኛ ፎንት ስጭንበት ስሞቹ ወጡ፤ ከነሱም መካከል፦ ጉደታ ቱሉ፣ ሦስተኛ ረድፍ፣ ከዝግባው አራተኛ።

ኦቦ ዱጋሳ ይህን የአባታቸውን ስም ሁለቴ አስነበቡኝ። ዝርዝሩን አተምኩላቸው።

ጸሐፊው ወረቀቱን በሁለት ጣት ያዘው። «ይሄ ቅጂ ነው። ከዋናው ጋር ሳይገናዘብ ማኅተም አልመታም።»

«ዲስኩ አርጅቷል። ደግሜ ብከተው ሊበላሽ ይችላል» አልኩት።

«ደንብ ነው።»

«ክተተው ልጄ፤ ይሄ ሳያይ አያምንም» አሉ ኦቦ ዱጋሳ።

አሮጌው ዴስክቶፕ ውስጥ ከተትኩት። ማንበቢያው ሲጢጥ አለ፣ ፋቀ፣ ዝም አለ። ሳወጣው ዲስኩ ላይ ክብ ጭረት ወጥቷል።

«ምን አደረግኸው?» አለ ጸሐፊው።

«አገናዘብነው።»

ኦቦ ዱጋሳ ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋ አደረጉት። «ሌላ ዝርዝር አለህ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ዋናው ይሄ ነው። ምታ።»

ጸሐፊው ማኅተሙን ከቦርሳው አውጥቶ መታ። ቅዳሜ ዕለት የአቶ ጉደታ አፅም ከሦስተኛው ረድፍ ለብቻው ወጥቶ በራሱ ሣጥን ገባ።

አሮጌ ዲስክ ለመነበብ አንድ ዕድል ቢኖረው ነው። በዚያ አንድ ዕድል ቅጂ አውጡ፤ ክርክሩ ከዚያ በኋላም ይደርሳል።