አንድም በካርልተን

አባቴ የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ነበር። ተማሪዎቹ ግቢያችን ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ አንዱ መስመሯን ያነባል፣ አባቴ ይተረጉማል። ከዚያ «አንድም» ይልና ሌላ ትርጓሜ ይደርባል፤ እንደገና «አንድም» ይልና ሦስተኛ። እኔ ሴት ልጅ ስለሆንኩ ከመሃላቸው አልቀመጥም፤ ጥግ ይዤ ምስር እየለቀምኩ ግን ሁሉንም እሰማ ነበር። ከትርጓሜዎቹ የትኛው ይበልጣል ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም። የአባቶችን ቃል ሰምቶ ሲያበቃ «እኔ ግን» የሚል ተማሪ እንደ ጥጋበኛ ይቆጠር ነበር።

ይህ ልማድ ሜልቦርን ድረስ ተከትሎኝ መጥቶ ከዩኒቨርሲቲ ሊያስባርረኝ ምንም አልቀረውም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። የምኖረው ካርልተን በሚባል የከተማው ሰፈር፣ ከፍ ካሉት የመንግሥት መኖሪያ ፎቆች በአንዱ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ጠዋት በባቡር ከከተማው ዳር ወዳለው የአትክልት እርሻ አገር ዌሪቢ ሄጄ አበባ ጎመን አሽጋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሼ በእግሬ ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ። የትምህርት ማስረጃዬ በስደት ያለፍኩባት ሱዳን ስለቀረ የተቀበሉኝ በሙከራ ነው፤ በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ትምህርት እንኳ ብወድቅ መሰናበቴ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። አበባ ጎመን አልጠላም፤ ዕድሜ ልኬን እሱን ሳይ መኖር ግን አልፈለግሁም።

የሚያስተምሩን በብስክሌት የሚመጡ ሽበታም ሰውዬ ነበሩ። ሁላችሁም በስሜ ጥሩኝ ይላሉ። እኔ በዕድሜ አባቴን የሚያህል ሰው በስሙ መጥራት ስላቃተኝ፣ የምለው ሲኖረኝ እስኪያዩኝ ድረስ እጄን አውጥቼ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን የጽሑፍ ጥያቄ ሰጡን፦ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም «የራሴ» የሚለው አስተሳሰብ ከየት መጣ?

ደስ አለኝ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ከረምኩ። ከግሪኮች መጣ ብዬ ጀመርኩ። አንድም፣ የሕግ ወጉ ከሮም። አንድም፣ ቁጥሩ ከሕንድ ተነስቶ በዐረቦች እጅ አልፎ። አንድም፣ ሰው ብቻውን ሐሳቡን የሚፈትሽበት ኤሴይ የሚሉት ነገር ከፈረንሳይ። አንድም፣ ተማሪ ተሰብስቦ የሚከራከርበት ሴሚናር ከጀርመን። ልኩ የሚሆን የእንግሊዝኛ ቃል ስላጣሁ «አንድም»ን በላቲን ፊደል እንዳለ ጻፍኩት። ስምንት ደረደርኩና ረክቼ አስረከብኩ።

ወድቄ ተመለሰልኝ። ግርጌው ላይ በቀይ እንዲህ ተጽፏል፦ «እዚህ ውስጥ ሁሉም ሰው አለ፤ አንቺ የት ነሽ? በሁለት ሳምንት ደግመሽ ጻፊው።»

ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ሊቅ ጠርቼ ስሰበስብ እኔ ደግሞ ማን ሆኜ ነው ከመሃላቸው የምገባው? በቀጥታ ጎረቤቴ ጋሼ ዘንድ ገባሁ። ጋሼ በወጣትነታቸው ጉባኤ ቤት ውለው ያደሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው።

«ፌይል አደረጉኝ፣ ጋሼ! ሁለተኛውንም ካልወደዱት አበቃልኝ፤ ፉልታይም ከጎመኔ ጋር ነኝ።»

«እስቲ አንብቢልኝ» አሉ። ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው።

«ድርደራው ደህና ነው፤ ግን እንደ ገበያ ዝርዝር ሮጥሽበት። አባትሽ እንዲህ ይሮጡ ነበር?»

አስቤው አላውቅም ነበር። አባቴ አይሮጥም። የሚወደው ትርጓሜ ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ታሪክ ያመጣል፣ ጋቢውን ያስተካክላል። ተማሪዎቹም ያን ጊዜ ቀና ይሉ ነበር።

«የኔም መምህር እንዲሁ ነበሩ» አሉ ጋሼ። «አንዱንም ሳይጥሉ፣ የወደዱት ላይ ይቆያሉ። ለመሆኑ ያ ሁሉ ትርጓሜ እኛው ግቢ የበቀለ መሰለሽ? ከሶርያ የመጣ አለበት፣ ከዐረብ የመጣ አለበት። የቆዩበት ቦታ ግን የራሳቸው ነው። አንቺም የወደድሽው ላይ ቆዪ።»

በሁለተኛው ጽሑፍ ስምንቱን «አንድም» አልነካኋቸውም። ዘጠነኛ ጨመርኩና እሱ ላይ ቆየሁ። ዌሪቢ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ አብረውኝ የሚያሽጉት አውስትራሊያውያት ሻይ አፍልተው የእንግሊዝን ሻይ የሚያክል የለም ይሉኝ ነበር። ቅጠሉ ከእስያ ነው፤ እንግሊዝነቱን ግን ማንም አይጠራጠርም። እኔ ግን፣ ብዬ ጻፍኩ፣ እኔ ግን የማምነው የእነሱ የሆነው አቀባበላቸው ነው፤ የመጣውን በየቀኑ እየተጠቀሙበት፣ ከየት እንደመጣ እስኪረሱት ድረስ የራሳቸው ያደርጉታል።

አለፍኩ። አስተማሪያችን ክፍል ውስጥ አስነበቡኝ። ለጋሼ ለመንገር ሊፍቱን መጠበቅ አቅቶኝ ስድስት ፎቅ በደረጃ ሮጥኩ።

«አንድም» የሚለው ቃል ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ቀረ። ተማሪዎቹ ሌላ ሐሳብ ሊጨምሩ ሲሉ መጀመሪያ በቀልድ፣ ኋላ በቁም ነገር «አንድም» ማለት ጀመሩ። አስተማሪያችንም ሌክቸር ላይ ይሉታል። እኔም ኩራት ኩራት ይለኝ ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ላይ አዲስ ተማሪዎች ባሉበት ውይይት ገባሁ። ጉንጯ የቀላ የአንደኛ ዓመት ልጅ ከአስተማሪያችን ጎን፣ ከመሃል ተቀምጣ ተናገረች። «አንድም» አለች፤ እንደገና «አንድም» አለች። ሦስተኛው ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ አያቷ ታሪክ አመጣች። በዕረፍት ሰዓት ቃሉን ከየት እንዳገኘችው ጠየቅኋት።

«እዚህ የምንለው ነው። የቆየ የዩኒቨርሲቲው አባባል መሰለኝ» አለችኝ፤ አገሩን ለማያውቅ እንግዳ እንደሚያስረዳ ሰው በትዕግሥት።

ትቻት ወጣሁና ጋሼን በራቸው ላይ ያዝኳቸው። «የአባቴን ቃል የራሳቸው አደረጉት! ለዚያውም አንዲት ጀማሪ ልጅ ለእኔው ታስረዳኛለች!»

«ስትናገረው ሮጠች?» አሉኝ።

«አልሮጠችም። ሦስተኛው ላይ ቆየች።»

«እንግዲያ አባትሽ አስተምረዋታል።»

አባቴ ሴት ልጅ ከመሃል አስቀምጦ አስተምሮ አያውቅም ነበር። እዚያው የጋሼ በር ላይ ቆሜ፣ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።