የራሴን ክስ ስተረጉም

የወንጌላዊውን ስም አልጽፍም። ልጆቹ ዛሬም አምቦ ውስጥ ይኖራሉ፤ እነሱ ምንም አላደረጉኝም።

በዚያ ዘመን የባዮሎጂ መምህርት ነበርኩ። እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶችን አስተምራለሁ፤ ከዚያ ወንጌላዊው በአማርኛ ሲሰብክ አጠገቡ ቆሜ ወደ ኦሮምኛ እተረጉማለሁ። ከጉደር በኩል ከገጠር የሚመጡት እናቶች ስብከቱን የሚሰሙት በእኔ አፍ ነበር።

አንድ እሁድ ከተማሪዎቼ አንዷ፣ “ፀሐይ የተፈጠረችው በአራተኛው ቀን ከሆነ፣ ከዚያ በፊት ቀኑ በምን ታወቀ?” ብላ ጠየቀችኝ። እንደማላውቅ ነገርኳት። “እንደኛ ቀን ነው የሚሉ ክርስቲያኖች አሉ፤ ረጅም ዘመን ነው የሚሉም አሉ። ሁሉም ግን እግዚአብሔር ፈጠረ ብለው ያምናሉ” አልኳት። ወሬው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ዘንድ ደረሰ። ከማስተማር ሊያግዱኝ እንደሆነ ስሰማ ወንጌላዊው ቤት ሄድኩ።

በረንዳው ላይ አስቀምጦኝ ሳቀ።

“እህቴ፣ እኔስ መች አውቀዋለሁ? ስንቴ አንብቤው ግራ ገብቶኛል።”

“ታዲያ ይህንኑ ለሽማግሌዎቹ ይንገሩልኝ።”

“ግድ የለሽም፣ እኔ አለሁልሽ።”

አመንኩት።

በሚቀጥለው እሁድ ስለ ፍጥረት ሰበከ። እሱ ይላል፣ እኔ እከተላለሁ። አስተርጓሚ ቆም ብሎ አያስብም፤ አፉ ይሄዳል። “በመካከላችን” አለ፤ ተረጎምኩ። “የትምህርት ቤቱን ሳይንስ ከቃሉ አስበልጣ ልጆቻችንን የምታስት አስተማሪ አለች።” ይህንንም ተረጎምኩ። ስለ እኔ መሆኑ የገባኝ ፊት ለፊት የተቀመጡት እናቶች አንገታቸውን ሲደፉ ነው። “ከዛሬ ጀምሮ አታስተምርም” አለ። ስተረጉመው ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ፤ ቢሆንም አንዲት ቃል አላጎደልኩም።

ቀጠለና፣ “እኔ በዚህ ምዕራፍ ላይ አንድም ቀን ጥያቄ ኖሮኝ አያውቅም” አለ።

ዞሮ አየኝ።

“ተርጉሚ እንጂ።”

ማይኩን ከአፌ አራቅሁና፣ ከኋላችን የተቀመጡት ሽማግሌዎች እየሰሙ፣ “በረንዳዎ ላይ ያሉኝን ልተርጉምላቸው?” አልኩት።

መጽሐፉን ዘጋ። “እንጸልይ” አለ። እሱን ተረጎምኩ።

ስንወጣ አንዲት አሮጊት ክንዴን ያዙኝ። “ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምነው ያቺን አንዷን ቃል አስቀረሽብን?”

“እውነት አልነበረችም” አልኳቸው።

ወጣቶቹን ዳግም አላስተማርኩም። በረንዳው ላይ ምን ብሎሽ ነበር ብሎ የጠየቀኝ ሽማግሌም እስከ ዛሬ የለም።