ሰንሰለቱ ሐይቁ ዳር ቀረ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልቆሰለም። የነገርኩት ሰው ሁሉ «ተመስገን በይ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን እስካሁን ሰንሰለት ሲንኳኳ በሰማሁ ቁጥር ዞር ብዬ ሳላይ አላልፍም።

ጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ እየተረከብኩ አርባ ምንጭ ከተማ የምሸጥ ሴት ነኝ። አጥማጆች የሚሠሩባቸው ሁለት ትንንሽ የብረት ጀልባዎች አሉኝ። ጀልባ የምንጭንበት ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢም ብየዳ ቤት አሠርቻለሁ፤ ፍሬን ግን የለውም። ከመኪናው መንጠቆ ጋር ተያይዞ ይጎተታል። መንጠቆው ድንገት ቢወልቅ እንኳ ከመኪናው እንዳይለይ አንድ ወፍራም ሰንሰለት አለው።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ ሰንሰለት ነው። ጀልባዎቹን ስናሳድር ሐይቁ ዳር ካለው ግራር ጋር የምንቆልፋቸው በእሱ ነበር። አንዱን ጀልባ ጭነን ስንወጣ ሰንሰለቱ የቀረውን ጀልባ እየጠበቀ እዚያው ይቀራል። ስንት ጊዜ እንዲህ አድርገን ምንም አልሆንንም!

የዚያን ቀን የአንዱ ጀልባ ሆድ ተሰንጥቆ የከተማው ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ውስጥ ወዳለው ብየዳ ቤት መውሰድ ነበረብን። ፒካፑን የሚነዱልን ጋሽ ማርቆስ ናቸው። መኪናው የሌላ ሰው ነው፤ እሳቸው ተቀጥረው ነው የሚነዱት። የገረሴ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ረጋ ያሉ። ተሳቢውን አንድ ጊዜ ዞረው አዩና፣

«ሰንሰለቱስ?» አሉኝ።

«ሌላዋን ጀልባ ይዟል፣ ጋሼ።»

«ፍቺውና አምጪው።»

«ጠባቂው ምሳ ሄዷል፤ ጀልባዬን ለማን ጥያት ልሂድ? ደግሞ ሲቀላ እኮ ነው፣ አዲስ አበባ አልሄድን!»

ሳቁ። «አንቺ ሴት፣ ቁልቁለቱ ላይ ምን ሊይዘን ነው? ወሬሽ?»

«ይይዛል!» አልኳቸው።

ይባስ ብዬ የጀልባዋን ሞተርና እርጥቡን መረብ ጀልባዋ ላይ ኋላ በኩል ከመርኩት። የፒካፑን ጀርባ ሙዝ ሞልቶት ነበር። «ክብደቱ ወደ ኋላ በዛ፣ ወደ ፊት ሳቢው፤ አለዚያ ይወዛወዛል» አሉኝ። ጥቂት ገፋ ገፋ አደረግሁና «ዝናቡ ሳይደርስብን እንሂድ» ብዬ አጣደፍኳቸው።

ላይኛውን ሰፈር ሴቻን አልፈን ወደ ሲቀላ ቁልቁል መውረድ ስንጀምር ተሳቢው ከኋላ ይገፋን ጀመር። ቀጥሎ ግራና ቀኝ ተወዛወዘ። ጋሽ ማርቆስ ማርሽ ቀንሰው ሊይዙት ሞከሩ። አንድ ጉድጓድ ላይ መንጠቆው ቋ! ብሎ ወለቀና መኪናው ድንገት ቀለለ። ወደ ጎን ዞር ስል ጀልባዬ ከነተሳቢው በአስፋልቱ ላይ እኛን ቀድማ ብቻዋን ትወርዳለች።

ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር፣ ማንጎ የሚሸጡ ሴቶች ተቀምጠዋል። ጋሽ ማርቆስ ጥሩምባውን ተጫኑት። ሴቶቹ ማንጎአቸውን ጥለው ሮጡ። ጀልባዋ ማንጎውን ጨፍልቃ ቦይ ውስጥ ገብታ ቆመች። ወርጄ ስሮጥ አንዷ ሴት ተቀምጣበት የነበረው በርጩማ ብትንትኑ ወጥቷል።

ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ጎንበስ ብሎ መንጠቆውን አየ።

«ፍሬን የሌለው ተሳቢ፣ ያለ ሰንሰለት፣ በዚህ ቁልቁለት? የኋላ መብራት እንኳ የለውም! ሰንሰለቱን ያስቀረው ማነው?»

«እኔ ነኝ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጀልባዬን ቢይዙብኝስ ብዬ ዋጥኩት። ጋሽ ማርቆስ ወደ እኔ አዩ። ጠበቁኝ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ጠብቀውኝ ነበር።

ከዚያ «ሹፌሩ እኔ ነኝ። ሳላስር መነሳት አልነበረብኝም» አሉ።

መንጃ ፈቃዳቸው ተያዘ። ባለ መኪናው በሳምንቱ ሌላ ሹፌር ቀጠረ። እሳቸውም ወደ ገረሴ ወጥተው የወንድማቸውን ማሳ ማረስ ያዙ። ማንጎ ሻጮቹን ይቅርታ ለምኜ ማንጎአቸውንም በርጩማውንም ተካሁ። ያ ቀላሉ ነበር።

አሁን ተሳቢዬ የራሱ ሁለት ሰንሰለቶች አሉት፤ መንጠቆው ሥር አጠላልፌ የማስራቸው እኔው ነኝ። የኋላ መብራትም፣ የራሱ ሰሌዳም አለው። ሞተርና መረብ ጀልባ ላይ አይጫንም። ሹፌሩ «እንሂድ» ካላለ እኔ ትንፍሽ አልልም።

በቅርቡ ጋሽ ማርቆስ ለገበያ ወርደው ሐይቁ ዳር መጡ። መንጃ ፈቃዳቸው ተመልሶላቸዋል፤ ሥራቸው ግን አልተመለሰም። ሰንሰለቶቹን በእጃቸው ሳብ ሳብ አድርገው አዩና «ጎበዝ» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ።»

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ፣ ልጄ? እኔማ አውቀዋለሁ። የማያውቀው ባለ መኪናው ነው።»

የባለ መኪናው ሱቅ ከእኔ ዓሣ ቤት ሦስት በር አልፎ ነው። ዛሬም በደጁ ሳልፍ ብድግ ብሎ «ደህና አደርሽ?» አለኝ። «እግዜር ይመስገን» ብቻ ብዬው አለፍኩ።