የአማቴ ባት

አማቴ ልጃችን ሲወለድ ሊያርሱኝ መጥተው በዚያው ቀሩ። ሳን ሆዜ ባለው አፓርትማችን ልጁን በነጠላ አዝለው ከኩሽና ሳሎን ሲመላለሱ ይውላሉ። ጋሪ ገዝተንለት ነበር፤ «ልጅ እንደ ሽንኩርት በጋሪ አይገፋም» ብለው በረንዳ ላይ አስቀመጡት። እኔም አፌ ያጉረመርማል እንጂ፣ ልጁ ከእሳቸው ጀርባ ሌላ መኝታ እንደማያውቅ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ልጁን አዝለው ደረጃ ሲወርዱ እግራቸው ከዳቸው። እሱ ላይ እንዳይወድቁ ሰውነታቸውን ሲያዞሩ ባታቸው ውስጥ አንድ ነገር ቷ አለ። ይህን የሰማሁት ግን በኋላ ነው። ለማንም ሳይናገሩ፣ ክፍላቸውን ዘግተው ባታቸውን በቅባት አጥብቀው ያሹት ነበር። ወጌሻ ቢኖር ያው ነው የሚያደርገው ይላሉ።

ሲያነክሱ አየሁና ለባሌ ነገርኩት። «አፖይንትመንት ቡክ አድርጊላት፤ ኦክላንድ ጥሩ ሐኪም አለች» አለኝ።

ሐኪሟ «ያምዎታል?» ስትል ተረጎምኩላቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ባታቸውን ስትጫነው ፊታቸው ተጨማደደ። «አሁንስ?» «ተመስገን።» በግኜ ልሞት ምንም አልቀረኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የኔዋ ደግሞ የሚደብቁት በምስጋና ነው።

ሐኪሟ ጄል ቀብታ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ባታቸው ላይ አንሸራሸረች። ስክሪኑ ላይ ጡንቻው እንደ ተበጠረ ፀጉር ተኝቶ ታየ፤ መሃሉ ላይ ግን ተቋርጦ ጠቁሯል። ኮምፒዩተሩ ጥቁሩን ቦታ በቢጫ መስመር ከበበና ስፋቱን ጻፈ። እሷም አጉልታ ደግማ አየችው፤ የመስመሩን አንድ ጠርዝ በእጇ አስተካከለች። ጡንቻው ተቀድዷል፣ ደምም ቋጥሯል። «አሽተውታል እንዴ?» አለች፤ ተረጎምኩላቸው። አማቴ እኔን አዩ። እኔ ኮርኒሱን አየሁ።

እሽቱ እንዳባሰው፣ እስኪድን ድረስ ማሸትም ልጅ ማዘልም ክልክል እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ትንሽ ትንሽ እንዳዝለው ጠይቂልኝ፣ ልጄ።»

ጠየቅሁ። አይቻልም።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ሄይዋርድ ከተማን እስክናልፍ መኪና ውስጥ ነጠላቸውን ሲያጣጥፉና ሲዘረጉ ቆዩ። ከዚያ፣ «ቲኬት ቁረጡልኝና ልሂድ። ልጁን ካላዘልኩ እዚህ ምን እሠራለሁ? ሸክም ልሆንባችሁ?» አሉ።

ተናደድኩ። «እማዬ፣ ሞግዚት ብንፈልግ እንቀጥር ነበር! እኛ የምንፈልገው እርስዎን ነው!» ብዬ ጮህኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አላመኑኝም።

በማግስቱ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው ሶፋ ላይ ዋሉ። ልጁን እኔ አዘልኩት። የነጠላውን አስተሳሰር ቢያርሙልኝም ጀርባዬ አልጣመውም፤ አገር ይያዝልኝ አለ። ሲሰለቸኝ ምንጣፉ ላይ ለቀቅሁት። እየዳኸ ሄደና ሶፋውን ይዞ ቆሞ ቀሚሳቸውን ጨበጠ። አንስቼ ጎናቸው አስተኛሁት። ጉንጩን ደረታቸው ላይ አሳረፈና እንቅልፍ ወሰደው።

አማቴ መተንፈስ የፈሩ መሰሉ። ቀና ብለው ሲያዩኝ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ሳላዝለው ተኛ እኮ» አሉ በሹክሹክታ። «እንዲሁ ይፈልገኛል ለካ።»