የደንገሉ መትረየስ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ የመጀመሪያ ልብ ወለዷን ረቂቅ አንብቤ አስተያየት እንድሰጣት አመጣችልኝ። ታሪኩ የሚካሄደው ካርታ ላይ በሌለ አገር ነው፤ ጀግናው በአንድ መትረየስ ሙሉ ሠራዊት ያቆማል። እኔም እንደ ልማዴ ኅዳጉ ላይ «የማይከሽፍ መሣሪያ የለም» ብዬ ጻፍሁ። ጽፌ ሳበቃ ግን ብዕሩን አስቀመጥሁ፤ በዚያ ቀን ሌላ ገጽ ማንበብ አልቻልሁም።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ደጉም በልጅነታችን ካርታ ላይ የሌለ አገር ነበረን። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነበር። የአገራችን ታሪክ በአንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ይጻፋል፤ ጸሐፊዋም ዳኛዋም እኔ፣ ጦረኛው እርሱ። መሣሪያችን አንድ ብቻ ነው፤ ታንኳ ሠሪዎች ከጣሉት ቁራጭ ደንገል ጠፍረን የሠራነው መትረየስ። የሐይቅ ዳር ልጅ ከደንገል የማይሠራ ነገር ያለ አይመስለውም። ዳሩ ግን ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ታንኳ እንኳ ውሎ ሲመለስ ፀሐይ ላይ ካልቆመ ይከብዳል፣ ይበሰብሳልም። ስለዚህ በደብተሩ እንዲህ የሚል ሕግ አሰፈርሁ፦ መትረየሱ ሦስት ጊዜ ከተኮሰ በኋላ ይከሽፋል፤ እስኪደርቅም አይተኩስም።

«ጠላት ሲደርስብኝ ‹ቆይ፣ መሣሪያዬን ላስጣው› ልበለው?» እያለ ደጉ ያሾፍብኝ ነበር።

«እግር አለህ አይደል፣ ጋሼ? ሩጥ!» እለዋለሁ።

መክሸፉን እወደው ነበር። ባይከሽፍ ኖሮ ታሪኩ በአንድ ገጽ ባለቀ።

እያደግን ስንሄድ ጨዋታው ቀረ፤ ደብተሩ ግን አልቀረም፤ አልፎ አልፎ አንድ ምዕራፍ እጨምርበት ነበር። እኔ ዘጠነኛ፣ እርሱ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን ለሰሜኑ ጦርነት የዘማቾች ስም ዝርዝር ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ፤ የእርሱም ስም ነበረበት። ጊዜው ጥቅምት ነው። በክረምት የሞላው ሐይቅ ገና ከዳሩ አልሸሸም፤ ሰፈሩን የበሰለ ዘይቱን ሽታ አውዶታል። እናታችን ሁለት ቀን ሙሉ ዳቦ ቆሎ ቆሉ። ጎረቤት እየመጣ «ይህስ አንበሳ ነው!» ይላል፤ ደጉ አንገቱን ደፍቶ ይስቃል።

በሚሄድበት ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደብተሩን አስይዞ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰደኝ። የተጠበሰ ዓሣ ገዝቶ በቅጠል ላይ አቀረበልኝ፤ እርሱ ግን አልቀመሰም።

«እቴ፣ አንድ ነገር ጻፊልኝ» አለ።

«ምን ብዬ?»

«መትረየሱ ከእንግዲህ አይከሽፍም በይ።»

«በምን ምክንያት? ደንገል መሆኑ ቀረ?»

«ምክንያቱን አንቺ ፈልጊለታ። ቅባት ቀቡት በይ፣ ጠበል ነካው በይ። ክብርት ዳኛ እኮ ነሽ!»

«ያለ በቂ ምክንያትማ አልጽፍም። እስካሁን የጻፍሁት ሁሉ ውሸት ይሆናል።»

 አንድ ጠጠር ወደ ውሃው ወረወረና «እሺ፤ ልክ ነሽ» አለኝ። እኔም ስለ ረታሁት ደስ አለኝ።

በማግስቱ የጭነት መኪኖቹ የዓባይን ድልድይ ተሻግረው በሐሙሲት መንገድ ወደ ሰሜን ሄዱ። ከዚያ በኋላ የደረሰን አንድ ደብዳቤ፣ ቀጥሎም መርዶ ነው። የት እንደ ወደቀ፣ በእጁ ምን እንደ ነበረ የነገረን የለም።

ለረጅም ዓመታት ራሴን የወቀስሁት ባለመጻፌ ነበር፤ ጅልነት መሆኑን እያወቅሁ። አንድ ዐረፍተ ነገር ጥይት አይመልስም። አሁን በእርሱ ዕድሜ ያሉ ልጆችን ሳስተምር የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ያን ቀን ደጉ ሕግ እንዳሻሽል አልነበረም የለመነኝ፤ መፍራቱን እየነገረኝ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ አንበሳ ካለው ልጅ አፍ «ፈራሁ» የሚል ቃል አይወጣም። ስለዚህ ሁለታችን ብቻ በምናውቀው አገር ቋንቋ ነገረኝ። እኔም ምክንያት ጠየቅሁት።

እናቴ ዛሬ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ እኔ ዞር ይሉና «ደጉዬ ፍርሃት የሚባል አያውቅም ነበር፤ አይደለም ወይ ልጄ?» ይሉኛል። አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ እጃቸውን እይዛለሁ፤ «አዎ፣ እማዬ» እላቸዋለሁ።